ያደረ ቃል

አያቴ በሽምግልና የሰው ቃል ሲያደርሱ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ቃሉ ካደረ፣ ተመልሰው ባለቤቱን ሳይጠይቁ አያደርሱትም።

ከመሬት ድልድሉ በኋላ ጎረቤታችንና የወንዝ ማዶው ሰው በድንበር ተጣሉ፤ አያቴም በሽምግልና ገቡ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ጠመንጃውን ይዞ ደጃችን መጣ።

«ያ ሰው ምን አለ?»

ማዶ የሄድነው አብረን ነበርና አያቴን ቀድሜ መለስኩ። «ድንበሬን ካለፈ እተኩስበታለሁ ይላል።»

ሰውየው ወደ ማዶ ሊሄድ ሲል አያቴ በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት።

«ይላል አትበል!» አሉኝ። «ትናንት ተናዶ ብሎ ነበር። ዛሬ የሚለውን ማን ጠየቀው?» ወደ ሰውየው ዞሩ። «አንተም ቁጭ በል፤ ጠይቄው ልምጣ።»

«እስኪመለሱ መሬቴን ቢያርሰውስ?»

«እኔን ረግጦ ነዋ የሚያርሰው!»

እኔና ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ለብቻዬ የምማርበት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ተገልጦ ነበር፤ የሌላ ሰው ንግግር ሲነገር ግሱ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይመለሳል የሚለው ገጽ። አንድ መስመር አላነበብኩም። ዓይኔ የሰውየው እጅ ላይ ነበር፤ እጁ ደግሞ ጠመንጃው ላይ።

አያቴ ከቀትር በኋላ ተመለሱ። «ድንበሩን ሽማግሌ ይትከልልን ይላል። አሁን ጠይቄው መምጣቴ ነው።» ሰውየው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አያቴ ባረፉበት ዋዜማ «ማክሰኞ ሞላሌ ገበያ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ በመጨረሻ ምን እንዳሉ ይጠይቀኛል። ቃሉ አድሯል። ከዘራቸው በሩ ጥግ እንደቆመ ነው፤ «ጠይቄ ልምጣ» ብዬ የምሄድበት ግን የለም።