መሸጋገሪያ የሌላት ኩርባ

ያለፈው አርብ ከአስር ሰላት በኋላ... ከምንኖርበት ከሳፋ ሰፈር ወደ መካ ለዑምራ እየሄድን ነው። ሹፌራችን ሀሰን የወሎ ልጅ ነው፤ ነፍስ የሆነ ልጅ፣ እግሩ ግን ነዳጅ ላይ ተጣብቋል። ከኋላ ሰው ቤት የሚሠሩ አራት እህቶቻችን አሉ፣ ታላቃቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። እኔ ኢህራሜን፣ ያልተሰፋ ነጭ ሽርጥና ኩታ፣ ለብሼ፣ ወገቤን በቀበቶ ታጥቄ ከሀሰን ጎን ተቀምጫለሁ።

ሥራዬ መንገድ ቅየሳ ነው። ስለዚህ ከፊታችን ምን እንዳለ አውቃለሁ።

መንገዱ እየታደሰ ስለሆነ መኪናው ሁሉ ወደ ጊዜያዊ መንገድ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ መንገድ ኩርባ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ቀስ በቀስ እየታጠፈች የምትሄድ መሸጋገሪያ ትሠራለታለች... ሹፌሩ መሪውን ለስለስ አድርጎ እንዲያዞር። እዚያች ጋ ግን መሸጋገሪያ የሚባል ነገር የለም። ቀጥ፣ ቀጥ... ከዚያ እጥፍ! ምልክቷም የተተከለችው ኩርባዋ አፍንጫ ስር ነው። አለቃችን ራሱ አይቷት «ትፍረስና እንደገና ትሠራ» ብሏል። ገና አልፈረሰችም።

«ሀሰኔ፣ ቀንስ። ከፊት ያለችው ኩርባ አደገኛ ናት።»

«አብሽር ወንድሜ! ለመግሪብ ሐረም አደርሳችኋለሁ።» ጭራሽ ባሰበት።

«ወላሂ ሥራዬ ነው፣ ቀንስ ስልህ!» ጮህኩበት።

እትዬ ዘሀራ ከኋላ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኢህራም ለብሰህ ትጨቃጨቃለህ? አስተግፊሩላህ በል!»

«እትዬ፣ ልናልቅ እኮ ነው...»

«ዝም በል! ተልቢያህን በል!»

«ለበይክ አላሁመ ለበይክ...» ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ኩርባዋ ላይ የተደረደሩት ቢጫ በርሜሎች ከሩቅ ታዩኝ። የነዚህ እህቶች ቤተሰብ ጋ ምን ተብሎ ይደወላል?

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም... ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ እሪ አልኩ።

«ሀሰን አቁም! ሽርጤ ወለቀ! ከስር ምንም አልለበስኩም!»

ያ ሁሉ ተልቢያ ቀጥ አለ። ሴቶቹ «ያ ረቢ!» እያሉ ፊታቸውን በሂጃባቸው ሸፈኑ። ሀሰን ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ፍጥነታችን ወርዶ ወርዶ ኩርባዋ ውስጥ ገባን... እንደዚያም ሆኖ ሁላችንም ወደ አንድ በኩል ተደፋን።

ከኩርባዋ ማዶ አሸዋው ላይ አንድ ፒካፕ ተገልብጧል። ሹፌሩ አጠገቡ ተቀምጦ ራሱን ይዟል፣ ሰዎች ከበው ውኃ ያጠጡታል።

የሀሰን ፊት አመድ መስሏል።

እትዬ ዘሀራ ሂጃባቸውን ገለጥ አድርገው ወገቤን አዩ። ቀበቶዬ እንደታሰረ ነው።

«ዋሸኸን?»

«ዋሸሁ እትዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ዞረው ፒካፑን በኋላው መስኮት ትክ ብለው አዩት። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ይቅር ይበልህ ልጄ... ስንመለስም እዚችው ኩርባ ስንደርስ ይውለቅብህ።»