ቁልቁለት የማይወደው ትራክተር

ባለፈው ሳምንት የፋሲሎ ሰፈር ጎረቤቴ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ልገዛው ነው» አለኝ። የአሮጌ ቀይ ትራክተር ፎቶ ነበር፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል። ፎቶ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ ፈራሁ። ስልኩን ቶሎ መለስሁለትና ውኃ ጠጣሁ።

ፍርሃቱ የጀመረኝ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ ሰሞን ነው። አባቴ ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ ከቅዳሴ የተረፋቸውን ጊዜ የሚያሳልፉት እርሻቸው ላይ ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት የንስሐ ልጃቸው አቶ ደሴ ትራክተር ሊሸጡ መሆናቸውን አባቴ ሲሰሙ፣ ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሰጥተው ሊወስዱት ቆረጡ። «አንተ ደህና ነው ካልህ ደህና ነው» አሉኝ። ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እኔ ሞተር ፈትቼ የማውቀው መምህር አጠገቤ ቆሞ ነው። ብሳሳት በሚመጣው ክረምት በምን ሊያርሱ ነው?

የሄድነው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። መንገድ ዳር ሴቶች የሽምብራ እሸት ይሸጡ ነበር። አባቴ እየፈለፈሉ፣ እየተጫወቱ ይበላሉ፤ እኔ አንዲት ፍሬም አልቀመስሁ።

አቶ ደሴ ሞተሩን አስነስተው፣ አሙቀው ጠበቁን፤ እንግዳ ማክበራቸው ነው። አሮጌ ሞተር ግን የሚፈተሸው ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ለአክብሮት የተደረገን ነገር «አጥፉልኝ» ማለት ደግሞ ከየት ይመጣል? ዘይቱን አየሁ፣ የጭሱን ቀለም አየሁ፣ ጎማውን መታ መታ አደረግሁ። ሁሉም ደህና መሰለኝ፤ ፍርሃቴ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ዐመሉ ይነገራል። የሚዋጋ ከሆነ ይዋጋል፣ የሚተኛ ከሆነ ይተኛል ይባላል፤ መደበቅ ነውር ነው። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠየቁ።

«ደሴ፣ ዐመሉስ?»

«ለርስዎማ አልዋሽም፣ አባ። ቁልቁለት አይወድም እንጂ ሌላ ዐመል የለበትም።»

ቁልቁለት የማይወድ በሬ እግሩን ይተክልና አልወርድም ይላል። መላው የታወቀ ነው፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ይጠራዋል። አባቴም ወደ ሐይቁ በሚያወርደው ተዳፋት ቀስ ብለው ወረዱና መሐሉ ላይ ቆሙ። «በል አምጣው!» አሉኝ። እኔም ያን ሁሉ ትምህርት የተማርሁት ሰውዬ፣ እየለገመ የሚወርድ መስሎኝ ማርሽ አስገባሁ።

ቁልቁል እንዳለ ፍሬኑን ረገጥሁ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ፤ የያዘው ነገር የለም። ደግሜ ረገጥሁ። ማርሹም በራሱ ጊዜ ዘሎ ወጣ። «አባባ፣ ዞር ይበሉ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ጩኸቴን ሞተሩ ዋጠው። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «ና! ና!» ይላሉ። ነጩ ጥምጣማቸው እየቀረበኝ መጣ። ገደልኋቸው፣ አልሁ በልቤ። መሪውን እንዴት እንደጠመዘዝሁት ዛሬም አላውቅም። ትራክተሩ ጋቢያቸውን ታክኮ አለፈና ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ገባ፤ ጭቃው ያዘው፣ የጋለው ብረት ውኃ ሲነካው ጮኸ፣ ሞተሩም ጠፋ።

አቶ ደሴ እያለቀሱ ሮጠው መጡ። «ነግሬያችሁ ነበር እኮ! ቁልቁለት አይወድም ብያለሁ እኮ!»

«እውነትህን ነው፤ ነግረኸናል» አሏቸው አባቴ። ለካ ሰውዬው ፍሬኑ አይዝም ማለታቸው ነበር፤ እኛ በበሬ ቋንቋ ሰማናቸው። ትራክተሩን ጎረቤት ተሰብስቦ ከጭቃው አወጣው፤ እኛም ሳንገዛ ተመለስን።

በመንገድ ላይ፣ «አባባ፣ ለምን አልሸሹም?» አልኋቸው።

«መሪው በማን እጅ ነበር?» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። አሁን እኔ በዚያን ጊዜው ዕድሜያቸው ላይ ነኝ። ልጄ መኪና ትነዳለች፤ የሚያውቋት ጎበዝ ናት ይላሉ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር አጠገቧ ተቀምጬ፣ ፔዳል በሌለበት ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ። አባቴ እንዳመኑኝ ላምናት እፈልጋለሁ፤ ፍርሃቱ አልለቅህ አለኝ።

«አባዬ፣ አታምነኝም እንዴ?» ትለኛለች።

«አምንሻለሁ» እላታለሁ። እግሬን ግን አላነሣም።