ባለቤቴ በመጨረሻ የለካው እግር

ባለቤቴ አሶሳ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራ ነበር። ወርክሾፑ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ፕላስቲክ ይሞቃል፣ በሌላው ሰው ይለካል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሜትር መለካቱን ትቶ በስካነር ይለካ ነበር። ስካነሩን እንደ ካውያ ይዞ የተቆረጠውን እግር ሲዞረው፣ ላፕቶፑ ላይ ከጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ መረብ ቀስ እያለ የእግሩን ቅርጽ ይይዛል።

መዝገቡን የምጽፍለት እኔ ስለነበርኩ አጠገቡ ብዙ ተቀምጫለሁ። ከሁሉ የምወደው ሁለት መረብ አነባብሮ ልዩነታቸውን በቀለም የሚያሳየውን ፕሮግራም ነበር። የአንድ ሰው የአምናና የዘንድሮ እግር ይነባበራሉ። በሚገጥሙበት አረንጓዴ፣ በከሳበት ሰማያዊ፣ በወፈረበት ቀይ ይሆናል። አንድ ጊዜ ለጨዋታ የእኔን ፊት ስካን አድርጎ ከዓመት በኋላ ደገመው። ጉንጬ ቀልቶ ወጣ። "ይሄ ሁሉ የኔ ወጥ ነው" አለ ደስ ብሎት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ የሚሠራው እሱ ነበርና።

ከሞተ በአምስተኛው ወር ባልደረባው ደወለልኝ። ባለቤቴ በመጨረሻ እግር የሠራላት ሴት መጥታለች። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ ገበያ ውስጥ ደረቅ ባሚያ ትሸጣለች። የተሠራላት እግር እየፋቃት ቆስላለች።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ታሞ ነበር" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እጁ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። ልኩን የያዘውን ፋይል ባየው ጥሩ ነበር።"

ፋይሉ ያለበት ላፕቶፕ እኔ ዘንድ ነበር። ታቅፌው በባጃጅ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ቤት ተኝቶ ጣሪያ ከሚያይ ብዬ፣ ሂድ ሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። እጁ ከድቶት ይህችን ሴት አቁስሏት ከሆነ፣ ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የእኔ ነው።

ሴትየዋ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታየኝ "እህቴ፣ አንተ በጣም ከሳህ" አለችኝ። አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የምትለው።

ባልደረባው እግሯን እንደገና ስካን አደረገና አዲሱን ከድሮው ጋር አነባበረው። ራሱ እንዲያገጥማቸው ፕሮግራሙን አዘዘው። እግሩ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ሆነ፤ መብሰል እንደጀመረ ማንጎ።

"ይኸው፣ ልኩ ጠምሟል" አለ። ሲናገር አላየኝም።

እኔም ለጥቂት ጊዜ አመንኩት። ኋላ ግን ባለቤቴ እንደዚያ አነባብሮ አይቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ከጉልበት በታች የተቆረጠ እግር እንደ ጠርሙስ ድቡልቡል ነው። ፕሮግራሙ መላውን ለማቀራረብ ሲሞክር ጠምዝዞ ያስቀምጠዋል። እሱ ሁልጊዜ በአጥንት ነበር የሚጀምረው። ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጉብታ፣ በቅልጥሙ ጠርዝና በጎን በኩል ባለችው የአጥንት ጫፍ ላይ ነጥብ ያደርጋል። ሥጋው ይከሳል ይወፍራል፣ እነዚህ ግን አይነቃነቁም ይለኝ ነበር።

"እስቲ ቦታውን ልቀቅልኝ" አልኩት።

ሦስቱን ነጥቦች በድሮውም በአዲሱም ላይ አደረግሁና አገጣጥም የሚለውን ተጫንኩት። አጥንት ያለበት ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ባቷ ብቻ ዙሪያውን እኩል ቀላ፤ አራት ሚሊ ሜትር ያህል።

ባልደረባው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። "ልኩስ ልክ ነው" አለ። "እግሯ ነው የወፈረው። ግን በአምስት ወር እንዲህ?"

ሴትየዋ አንገቷን አሰገገች። "ቀዩ ምንድን ነው?"

"ያኔ ያልነበረ፣ አሁን ያለ ሥጋ ነው" አልኳት።

በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። "ወላሂ፣ እሱ ረመዳን ነው።"

ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችን። ባለቤቴ የለካት በጾሙ አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ እግር ይሟሽሻልና ከኢድ በኋላ ብትለካ ይሻላል ብሏት ነበር።

"ባልህን፣ መሐንዲሱን፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። ለኢድ ሰላት በክራንች ልሂድ? የባሌ እህቶች ሁሉ ቆሞ ይየኝ? አልኩት። እሱ ሳቀ። እሺ፣ ግን ከኢድ በኋላ ተመለሺ፣ ይጠብሻል፣ አሰፋዋለሁ አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም?" አልኳት።

"መጣሁ። ዝግ ነው። ከዚያ ልቅሶ ቤት መጣሁ።"

"እግርሽ እያመመሽ?"

"ልቅሶ ቤት ገብቶ እግሬን አመመኝ ይባላል?" አለች። "ከዚያም በኋላ፣ እሱ የሠራውን ሌላ ሰው ሲነካው ማየት ከበደኝ።"

ባልደረባው ተነሣ። ሰው ሠራሹን እግር ወስዶ፣ ቀዩ ባሳየው ቦታ ፕላስቲኩን አሙቆ ወደ ውጭ ገፋው። ሲቀዘቅዝ ቁስሏን ሸፍኖ አጠለቀላትና፣ እስኪድን በቀን ጥቂት ጥቂት ብቻ እንድታደርገው አዘዛት። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

"አሁን ለኢድ ብቻ አይደለም" አለች፣ "ለገበያም ይሆናል።"

ለቅሶ ሊደርሱኝ የሚመጡ ሁሉ የመጨረሻ ቀኖቹ እንዴት እንደነበሩ ይጠይቁኛል። ደክሞ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። በማግስቱ እህቴ ከነቀምት ደውላ ያንኑ ስትጠይቀኝ ግን፣ "አንዲት ባሚያ ሻጭ ለምናው፣ እምቢ ማለት አቃተው" ብዬ ጀመርኩላት።