መሐሉ ክፍት የቀረው ቁስል

የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍሏ ሲስተር እግሯ የደከመው ዛሬ አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ፋሻ ስትፈታና ስትጠቀልል ያለቀ እግር ነው። አሁን አሁን ግን ከእግሯ ይልቅ አፏ ይደክማት ጀመር። ሐኪሞቹ ለጊዜው ሆድ ላይ ወጥቶ የነበረ አንጀት ወደ ውስጥ ሲመልሱ፣ የአንዱን ልጅ ቁስል ቀጥ አድርገው ይሰፉታል፤ የሌላውን ደግሞ እንደ ከረጢት አፍ ዙሪያውን ሰብስበው መሐሉን ትንሽ ክፍት ይተዉታል። የትኛው ቶሎ እንደሚድን፣ የትኛው እንደሚያመረቅዝ ያነጻጽራሉ። እናቶቹም ፈርመዋል። መፈረምና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው፤ ማስረዳቱ የወደቀው በሲስተር ላይ ነው።

ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ እናት እጇን ለቀም አደረገቻት።

"ሲስተር፣ የዚያችኛዋ ልጅ ቁስል ጥርት ተደርጎ ተሰፍቷል። የእኔን ቀዳዳውን ትተውት ሄዱ። ክር አለቀባቸው እንዴ?"

"ነገ አስረዳሻለሁ፣ የኔ እናት" አለቻትና እግሯን እየጎተተች ሄደች።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ጠዋት ሲስተር የልጇን ፋሻ ስትፈታ ቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ተስቦ በፕላስተር ጥርቅም ብሏል፤ ልጅቷ ትኩሳት ይዟታል። ፕላስተሩን ስታነሳው መግሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀዳዳው የተተወው ለዚሁ፣ መግል እንዲወጣበት ነበር።

"ቀዳዳ ያለው ልብስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም" አለች እናትየዋ። "ልጄን ገደልኳት? በሞቴ ሲስተር፣ ለዶክተሩ እንዳይነግሩብኝ!"

ሲስተር ቁስሉን እየጠረገች አሰበች። ዝም ብትል ጥፋቱ በአሰፋፉ ላይ ይቆጠራል፤ ነገ ሌሎች ልጆች በሐሰት ምክንያት የሚበጃቸው ሊቀርባቸው ነው። ብትናገር ደግሞ ቁጣው በዚህች ምስኪን ላይ ይወርዳል።

ዶክተሩ መጥቶ ቁስሉን አየና ፊቱ ጠቆረ። "ይህኛው አሰፋፍም ያመረቅዛል ማለት ነው?"

"ፕላስተር የለጠፈችበት እናትየዋ ናት" አለች ሲስተር። "ያስለጠፍኳት ግን እኔ ነኝ። ትናንት ጠይቃኝ፣ ደክሞኝ፣ ነገ ብያታለሁ።"

ዶክተሩ ለቁጣ የከፈተውን አፉን መልሶ ገጠመው። ልጅቷን ደባብሶ፣ "መግሉ ወጥቶላታል፤ ትድናለች" አለ። "ዛሬስ ነገሯት፣ ሲስተር?"

"አሁን ልነግራት ነው።"

ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሥራ ላይ ተቀምጣ ያያት ሰው የለም። ገና "ይኸውልሽ፣ ይህ ቀዳዳ..." ብላ ስትጀምር፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችው እናት ወንበሯን እየጎተተች መጣች። ከበሩ አጠገብ ያለችውም ተከተለች። ሌላዋም ልጇን አቅፋ ቆመች።

ሲስተር ቀና ብላ አየቻቸውና ፊቷ ቀላ። ለካ ሁሉንም "ነገ" ብላቸው ኖሯል።