ሰባተኛዋን ጫንልኝ

ሱቄ ከገበያው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበረች። ሥራዬ በሰው ስልክ ላይ ዘፈንና መዝሙር መጫን ነበር። ከዚያ በፊት ካሴት እቀዳ ነበር፤ ከካሴቱም በፊት ፍላቂት ከተማ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሦስቱንም ያስተማረኝ የለም። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ መምህሬ የተበላሸ ዕቃ ነው። ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አልሠራ ሲል ደግሞ ፈትቼ ተማርኩ። ስለዚህ ነገር ከቦታው ሲወጣ ያመኛል። ብሎን የትም የሚጥል ሰው ቃሉንም የትም ይጥላል እያልኩ ነው ልጄን ያሳደግኋት።

ኮምፒውተሩን ከነዘፈኑ የገዛሁት፣ መንግሥት ወጣቱን በጥቃቅንና አነስተኛ ያደራጅ በነበረበት ዘመን፣ ተደራጅተው ቪዲዮ ቤት ከከፈቱ በኋላ ከተጣሉ ልጆች ነው። በውስጡ ያለው ብዛት ያስፈራል፤ አያያዙ ግን አይጥ የገባበት ጎተራ ነበር። እያንዳንዱ ዘፈን ከውጭ ከሚታየው ስሙ ሌላ በሆዱ የሚይዘው ጽሑፍ አለው፤ የዘፋኙ ስም፣ የካሴቱ ስም፣ የዜማው ዓይነት። ልጄ ታግ ትለዋለች። አንዱ ዘፋኝ በአማርኛ ፊደል አንድ ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሌላ ቦታ፣ ከነአባቱ ስም ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ተጽፎ፣ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቀመጣል። የዘፋኙ ስም በሚጻፍበት ላይ የድረ ገጽ ማስታወቂያ የተለጠፈበትም አለ። አንድ ቀን በገና ድርደራ ‘ብሉዝ’ ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁ። ብሉዝ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና ሰው ጠየቅሁ፤ የአሜሪካኖች ዘፈን ነው ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ተቆጥቼ ዋልኩ።

ይህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ቢያናድድም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በሁዳዴ ነው። በእኛ አገር ቅበላ ካለፈ ዘፈን ለመንገደኛ አይከፈትም፤ ከመዝሙሩም ቢሆን ከበሮ ያለበት እስከ ፋሲካ ይቀመጣል። ስለዚህ ዓይነቱ በሚጻፍበት ቦታ ከእነዚህ ውጪ ቃል እንዳይኖር ወሰንኩ፦ ዘፈን፣ የበዓል መዝሙር፣ የጾም መዝሙር። ለልጄም ሕጉን ነገርኳት።

“አንድ ሰው አንድ ስም፤ አንድ ዜማ አንድ ቦታ።”

“አባዬ፣ ሰውየው ራሱ ሁለት ስም ቢኖረውስ?”

“አንዱን ይምረጣ!”

ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከእኔ ጋር ሱቅ ትውል ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት። በዚያ ዓመት ለሆሳዕና የተዘጋጀውን አዲስ መዝሙር እንድትመራ ተመርጣ፣ ሱቅ ስትጠብቅም፣ ውኃ ስትቀዳም ታንጎራጉረው ነበር። ልምምዳቸውን በስልኳ ትቀዳና ስልኩ ሲሞላ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። ስም የላቸውም፤ ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያሉ ይገባሉ። ጥምቀት ሰሞን እነዚያን ሁሉ በጅምላ መርጬ በአንድ ጊዜ ‘የጾም መዝሙር’ ብዬ የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አልሰማኋቸውም። ከሰንበት ተማሪ ስልክ ሌላ ምን ይወጣል?

ከዚያ እስከ ቅበላ ድረስ አንድ ነገር ታዘብኩ። አስጎብኚዎቹ፣ የባጃጅ ልጆቹ፣ ከአሸተን ማርያም በኩል ለቅዳሜ ገበያ የሚወርዱት ጎረምሶች ሳይቀሩ፣ “ጋሼ፣ ሰባተኛዋን ጫንልኝ” ይሉኝ ጀመር። ሰባተኛዋ ትራክ ሰባት ናት። ስፈልጋት ከጾም መዝሙር መሐል ትገኛለች። የዘመኑ ልጅ እንዲህ መዝሙር መፈለጉ ልቤን ነካው። በተለይ አንድ አስጎብኚ ነበር፤ ጸጉሩን የሚያንጨባርር፣ በየቋንቋው የሚቀልድ፣ ለቁም ነገር የማልቆጥረው። እርሱም ሲመጣ፣ “ተባረክ ልጄ፣ እንዲህ ነው” ብዬ ጫንኩለት። “አሜን፣ ጋሼ” አለና ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። በልቤ፣ ሰውን በጸጉሩ አትፍረድ ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

ሁዳዴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ በሩ ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ በጾም መዝሙር ላይ አድርጌ ጓዳ ውስጥ የሰው ሬዲዮ እበይድ ነበር። ልጄ ቅዳሴ ሄዳለች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ዳገቱን ሲወርድ፣ ከሱቄ በር ላይ ከበሮ ተመታ። ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ከመሐሉም የሴት ድምፅ። መበየጃውን እንደያዝኩ ሮጬ ገመዱን ነቀልኩ። ቀና ስል ሕዝቡ ቆሟል። ከፊት የቆሙት ደግሞ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ የልጄም የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ እርሳቸው ነበሩ።

“ምነው፣ ፋሲካ ገባ እንዴ?” አሉኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

ዲያቆናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ መሬቱን አየሁ። ማን እንደዘፈነችና የትኛው ትራክ እንደነበረ ማጣራት ቀርቶ ድምፁንም አላጤንኩትም፤ ከበሮው ብቻ ነበር በጆሮዬ የቀረው።

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

“አባ፣ አንድ ነገር ይፍቱልኝ። ዘፈኑን ከመዝሙሩ ለመለየት ሁሉንም አንድ በአንድ መስማት ሊኖርብኝ ነው። በጾም ዘፈን መስማት ይፈቀድልኛል?”

“እስከ ዛሬ ሳትሰማ ነው የሸጥኸው?”

“ሳልሰማ ነው። ዘፈን እሸጣለሁ እንጂ አልሰማም፤ እርስዎም ያውቃሉ።”

“እንግዲያው ሥጋውን ሳያይ የሚሸጥ ልኳንዳ ነጋዴ ነሃ!” ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። “ስማ፤ ነገር ግን ትከሻህን ያዝ።”

ትከሻዬን ይዤ ጀመርኩ። መብራት ሲኖር ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን እከፍታለሁ፤ ዓይነቱን እለያለሁ፤ የዘፋኙን ስም አንድ ወጥ አድርጌ እጽፋለሁ። የዚያን ሰሞን ያዘነብኩትን ስብከት ሁሉ ልጄ በቃሏ ይዛዋለች። ስም ማጣመም ውሸት ነው፤ በሰው ስም ሌላውን መሸጥ ስርቆት ነው፤ ‘ያልታወቀ’ ብሎ መጻፍ ደግሞ የሰነፍ ነው፤ የማይታወቅ ሰው የለም፣ የማይጠይቅ እንጂ። እርሷ ታዳምጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣

“አባዬ፣ ከስልኬ የገቡትን እኔ ልያቸው፤ አንተ የድሮዎቹን ያዝ” አለችኝ።

“በጅምላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የራሴን ስህተት ሌላ አያርምልኝም።”

ስልኳን አንሥታ ኪሷ ከተተች።

ከእርሷ ስልክ የገቡት ላይ ስደርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መዝሙር ናቸው፤ የልጆቹ ሳልና የአሠልጣኙ ቁጣ ሳይቀር ይሰማል። ሰባተኛዋን ከፈትኩ። ከበሮ፣ ጭብጨባ። እጄን ላነሣ ስል ድምፁ ገባ። ልጄ የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትንሽ ታስጠብቅና ከዚያ ትለቀዋለች። በመዝሙሩም እንዲሁ ናት፤ በልጅነቷም ከጓዳ ስትጠራኝ እንዲሁ ነበረች። የምትዘፍነው ገደል ማዶ ስላለ ጎበዝ ነው። የአጨዳ ዘፈን ነው፣ የባህል ነው ብዬ ላሳብብለት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። የፍቅር ዘፈን ነው። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግሩም ነበር።

“ይቺ ማናት?” አልኳት።

“ታውቃታለህ።”

“የት ነው?”

“ጓደኛዬ የምትሠራበት ሆቴል ውስጥ፣ በገና በዓል ማግስት። ላግዛት ሄጄ የሆቴሉ ዘፋኝ ጉሮሮዋ ተዘጋ። እንግዳው ሁሉ ተቀምጧል። አንድ ብቻ ብዬ ነው። ጓደኛዬ በስልኬ ቀዳችኝ፤ ስገለብጥ ከመዝሙሮቹ ጋር አብራ ገባች። እዚህ ኮምፒውተር ላይ እንዳለች ጓደኛዬ ለአንድ አስጎብኚ ነገረችው፤ አንዱ ለሌላው።”

“ማን ማን ያውቃል?”

“ከአንተና ከአባ በቀር?”

“እናትሽስ?”

“እማዬማ የዚያኑ ቀን ነው ያወቀችው።” ቀና ብላ አየችኝ። “ሁሉም ሰባተኛዋን ጫንልኝ ሲሉህ ግን ምን መስሎህ ነበር?”

“መዝሙር።”

ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አይታኛለች። “አጥፋው። ከዚህ ይጠፋል” አለች። “በየባጃጁ ያለውን ግን ማን ያጠፋዋል? የጫንከው አንተ ነህ።”

የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት የማያውቅ የለም፤ ዘፈን የዘፈነ ዘማሪ ከአገልግሎት ይታገዳል። ዝም ብል ማንም አይናገርም ነበር። ከተማው ስቆ ይዞታል፤ ሊጎዳት የፈለገ አልነበረም። ሆሳዕናን ትመራለች፤ የኔም ስም አይነሣም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ያሰብኩትን ደብቄ ጻድቅ ልምሰል አልልም። ከዚያ ግን በየቀኑ ስሰብከው የኖርኩት ነገር አፌን ቀደመኝ።

“ሂጂና ለአባ ራስሽ ንገሪያቸው። እውነቱን፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።”

“አንተ ብትሆን ትነግራቸው ነበር?”

“እነግራቸው ነበር።”

ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ። ዛሬ ያን ያህል አይደለሁም።

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሥራ ልሥራ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የአንድ ዘፋኝ ስም ሁለት ጊዜ አጣምሜ ጻፍኩ። ስትመለስ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ። እስከ ጰራቅሊጦስ አትዘምርም፤ ከኋላ ትቆማለች፤ ስግደትም ተሰጥቷታል።

“ይህን ያህል? ጥፋቱ አንድ ቀን አይደል? ምን አሉሽ?”

“ይጸጽትሻል ወይ? አሉኝ።”

“እሺ?”

“ስዘፍን ደስ ብሎኝ ነበር አልኳቸው።”

“ምነው ልጄ! ምነው እንደዚያ አልሽ? ይጸጽተኛል ብትዪ...”

“ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ያልከኝ አንተ አይደለህ?”

ልጅን እውነት አስተምሮ፣ እውነቱ ሲጎዳት ምነው በቀነሰችልኝ የሚል አባት ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም።

በገብር ኄር እሑድ አባ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ስለቀበረው ባሪያ አስተማሩ። በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ በየዓመቱ ሰነፉን ባሪያ እኮንናለሁ። በዚያ ዓመት በወንዶቹ በኩል ቆሜ ዓይኔ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከዓምዱ ጥግ፣ ከእርሷ ላይ አልነቀል አለ። መክሊቱ የተቀበረው ሆቴል በዘፈነች ቀን ይሁን አሁን ከዓምዱ ጥግ በቆመች ጊዜ መለየት አቃተኝ። አባንም አልጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ወደዚያ ጥግ አንድ ጊዜ አይተው ንግግራቸውን ያዝ ሲያደርጉ ያየሁ መሰለኝ፤ ምናልባት እኔው ይሆናል ያሰብኩት።

በሆሳዕና መዝሙሩን ሌላ ልጅ መራችው። ደኅና ልጅ ናት። ግን ከፍ አድርጋ ጀመረችውና ሌሎቹ መድረስ አቅቷቸው መሐሉ ላይ ሳሳ። ልጄ ዘንባባዋን ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ዜማ አላውቅም፤ የት ላይ ዝቅ ብሎ መቆየት እንደነበረበት ግን አወቅሁ።

ፋሲካ አለፈ። ዝርዝሩ ተስተካክሎ፣ ዘፈኑ ከዘፈን፣ መዝሙሩ ከመዝሙር ተቀምጧል። የዘፋኙ ስም ያልተጻፈበት አንዲት ብቻ ቀረች። ልጄን ጠራኋት።

“ጻፊ።”

“እኔ?”

“ያንቺ አይደለም እንዴ? ‘ያልታወቀ’ ብዬ እንዳልጽፍ፣ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።”

ፈገግ አላለችም። ተቀምጣ ጻፈች። በመዝሙሮቿ ላይ ያለው የክርስትና ስሟ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በዚያ ነውና። በዘፈኑ ላይ የጻፈችው እኔና እናቷ ያወጣንላትን የቤት ስሟን ነበር። ኮምፒውተሩ ወዲያው ሁለት ሰው አደረጋት፤ አንዷን ከላይ፣ አንዷን ከታች አስቀመጠ።

“አንድ ሰው አንድ ስም ብለህ ነበር” አለችኝ። “አንዱን ልምረጥ?”

እጇ እንደተዘጋጀ ነው። የትኛውን እንደምትመርጥ አላወቅሁም፤ ጰራቅሊጦስም ገና ሩቅ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጥያቄ እንደዚያ የፈራሁ አይመስለኝም።

“ተዪው” አልኳት። “እንዳለ ይሁን።”

በዚያው ሳምንት ያ አስጎብኚ ስልኩን እያወዛወዘ መጣ።

“ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ! ጾሙም ተፈታ፤ ስልኬን ጥዬ አዲስ ገዝቻለሁ። ሰባተኛዋን ጫንልኝ።”

“ሰባተኛ የምትባል የለችም። ስሟን ጥራ።”

ሳቁ ከፊቱ ወረደ። ልጄ ከመደርደሪያው ኋላ ዕቃ ታስተካክላለች፤ ዞራም አላየችን። ልጁ ወደ እርሷ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ የቤት ስሟን ዝግ ብሎ፣ ከነአባቷ ስም ጠራው።

ጫንኩለት። ተባረክ ግን አላልኩትም።