በኒ ማሊክ ውስጥ የደፋሁት አልኮል

በአማርኛ ስም የለውም። «የድንጋይ ዝንብ» የምለው እኔ ነኝ፤ እሱም ዝንብ ሆኖ ሳይሆን ሌላ የምጠራበት ስላጣሁ ነው። ባለቤቴ ግን ዕድሜ ልኩን «ትሎችሽ» እንዳለ ቀረ። መሐንዲስ ነው፣ ምን ይደረግ።

ተማሪ ሳለሁ ከወሎ ወንዞች ድንጋይ እየገለበጥኩ የለቀምኳቸውን እነዚህን ነፍሳት በትናንሽ ብልቃጦች፣ አልኮል ውስጥ እንደተዘፈዘፉ፣ በሻንጣ ይዣቸው ጂዳ ገባሁ። አልኮል ይዞ ሳዑዲ የሚገባ መቼም ባዮሎጂ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ እንዳይበሰብሱ ማቆያ እንጂ መጠጥ መሆኑ ትዝም አላለኝ። እየተነነ ሲጎድል በሰፈራችን በበኒ ማሊክ ከቤታችን ሥር ካለው ሱቅ ኮሎኝ እየገዛሁ እሞላው ነበር። የብልቃጦቹ ሳጥን ሲከፈት ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ይሸታል።

ሳጥኑን የወደደልኝ አንድ ሰው ቢኖር የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ከካፊሏ፣ ከአሠሪዋ፣ ቤት ወጥታ መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ የሑጃጅ ማረፊያ ስታጸዳ ቆየችና ሐጁ ሲያልቅ እኛ ዘንድ መጣች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። ጊዜው ደግሞ ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ቀን አልፎ የቤት ለቤት ፍተሻው የተጀመረበት ነው። ከደጅ እንዳትወጣ ከለከልናት። እኔም የምኖረው በባለቤቴ ኢቃማ ነው፤ የእኔው ላይ «መሥራት አይፈቀድላትም» ይላል። ስለዚህ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ትቼ ቤት ዋልኩ።

ሥራ ፈት ሆነን ከምንተካከዝ ብለን ብልቃጦቹን እንለይ ጀመር። ጭራው ሁለት ከሆነ የእኔ ነው፤ ሦስት ከሆነ የሌላ ክፍለመደብ ነው፣ ወደዚያ። ጭራ ግን ይሰበራል፤ ያኔ እግሩን ማየት ነው። የእኔ እያንዳንዱ እግሩ ጫፍ ላይ ሁለት ጥፍር አለው፣ ያኛው አንድ። ብብቱ ሥር የተንጨባረረችው ጭገር መሳይ ነገር መተንፈሻው ናት።

«እትዬ፣ አገር ቤት ልብስ ስናጥብ ድንጋዩ ሥር ሽው የሚለው ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነው እንጂ። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ የሚሮጥ ውሃ ካልሆነ አይኖርም። ጂዳ ቧንቧ ሲከፈት እንኳ ሻይ ነው የሚወርደው። የዚያ ወንዝ ቅዝቃዜ እጄ ላይ መጣብኝ።

ዝርያውን ግን ልነግራት አልቻልኩም። ለዚያ ክንፍ ያወጣው ወንዱ ያስፈልጋል፤ እኔ የያዝኩት ገና ከውሃ ያልወጡትን ነው።

«አስተኔው፣ ቤተሰቡ፣ ይታወቃል፣ ከዚያ ወዲያ ስም የለውም» አልኳት።

«ወላሂ እንደ እኔ ነዋ። ዘመዱ ይታወቃል፣ ወረቀት የለውም።»

አየር ሲያጥረው በእግሮቹ ከፍ ዝቅ እያለ አጠገቡ ያለውን ውሃ ያንቀሳቅሳል ስላት ተነስታ ሳሎኑ መሐል አሳየችኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በዚያ ጭንቀት መሐል ደስ ብሎን ነበር ብል ማን ያምነኛል? ያ ከሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከሥራ በጊዜ መጣ። ፈታሾቹ አጠገባችን ያለው ሕንፃ መግባታቸውንና የእያንዳንዱን ቤት ዕቃ መበርበራቸውን ነገረን። «እሷን ብቻ ካገኙ ወደ አገሯ ይልኳታል። ከአልኮል ጋር ካገኟት ግን እስር ነው። ትል ነው ብንል ማን ይሰማናል?» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ አልኮሉን ብልቃጥ በብልቃጥ ደፋሁት። እሷ እየተከተለች «ተይ እትዬ፣ ተይ» ትለኛለች። «ነፍሳት ናቸው፤ ሌላ ይለቀማል» አልኳት። ውሸቴን ነው። የደረቀ እንደሆነ ይጨማደዳል፤ ጭራውም እግሩም ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምን እንደሆነ አይለየውም። ወጣትነቴ ነበር በቧንቧው የሄደው። ዓይኔ ሲቀላ ኮሎኙ ነው ብዬ አመካኘሁ። ለእሷ ግን ዓይኔን አላሽም፤ አሁን ቢፈትሹም ከወረቀት እጦት በቀር የሚያስከስሳት የለም፣ ትቆይልኛለች አልኩ።

በማግስቱ ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል፤ እሷ የለችም። እጃቸውን ለመስጠት ከሚሄዱ ሴቶች ጋር ወጥታለች።

ከተመላሾች ማቆያ ስትደውል አላስችል ብሎኝ ተቆጣሁ። «አብደሻል? ላንቺ ብዬ አይደለም እንዴ የደፋሁት?»

«ለእሱ እኮ ነው የወጣሁት» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዘመን የያዝሽውን ለእኔ ብለሽ ስትደፊው አየሁ። እኔ ካለሁ ነገ ደግሞ በእኔ የተነሳ ከወንድሜ ተጣልተሽ የምትደፊው ትዳርሽን ነው።»

ስልኩ የሌላ ሴት ስለነበር ተቀበለቻት።