ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ

በጃንሆይ ጊዜ ሱሉልታ ላይ የክረምት ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ አፍንጫውን በዳበሳ ይፈልግ ነበር። አንድ ጠዋት ሜዳው ላይ ለላማችን ሣር ሳጭድ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ በስሜ ጠራኝ። እናቴ ደግሞ «የማታውቀው ድምፅ ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት እንዳትል፤ ሰይጣን ከሁለት አያልፍም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ማጭዴን ጨብጬ ዝም አልኩ።

ደግሞ ጠራኝ። ፀጉሬ ቆሞ ባርኔጣዬን አንድ ክንድ ያህል አነሣው። ሦስተኛውን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም። እንቁራሪቶቹ እንኳ ጸጥ አሉ። ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝና «አቤት!» ብዬ ወደዚያው ሄድኩ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ረግረጉ ውስጥ እስከ ብብታቸው ሰምጠዋል። ጋቢዬን ወርውሬላቸው እንደ ምንም ጎትቼ አወጣኋቸው።

«ምነው አባባ፣ ሦስተኛውን ቢጨምሩልኝ ቶሎ እደርስ ነበር እኮ!» አልኳቸው።

ጉንፋን ድምፃቸውን ከዘጋው ሳምንቱ ነበርና በሹክሹክታ መለሱልኝ፦ «እኔ አንተን መቼ ጠራሁህ? እግዜርን ነው የጠራሁት፤ ያውም በልቤ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጥሪ አልጠብቅም። ቤት ተቀምጬ ድንገት ብድግ ስል ሚስቴ «ደግሞ ዛሬ ማን ጠራህ?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ግን ጫማዬን አጥልቄ ወጥቻለሁ።